መድኃኒቱ ራሱ አይሠራም

ሕመሙ የጀመረኝ ከምላሴ ነው። አልቆሰለም፣ አልተሰነጠቀም፤ ዘገየ። በሁዳዴ አጋማሽ አንድ እሑድ ቅዳሴ አልቆ ስንወጣ ጎረቤቴ አያ ደርሶ፣ «ትርንጎ፣ ዘንድሮስ ጾሙ ተስማማሽ፤ ፊትሽ እንደ ሙሽራ ሞላ» አለኝ። እኔና አያ ደርሶ ስንነቋቆር ያረጀን ሰዎች ነን። እሱ አንድ ብሎኝ እኔ ሁለት ሳልመልስ የዋልኩበት ቀን የለም። ያን ቀን ግን አፌን ከፍቼ ቆምኩ። መልሱ አልመጣ አለኝ። መምጣቱንስ መጣ፤ ግን አያ ደርሶ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ብቻዬን መንገድ ላይ ቆሜ ለድንጋይ ካቡ ነገርኩት።

ያኔ ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም።

ትርንጎ እባላለሁ። ቤቴ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ አወራለሁ፣ ልጄ የሺ ትጽፋለች። ሸጋ ሸጋው ወሬ የእኔ ነው፣ የተበላሸ ነገር ካያችሁ የእሷ ነው። የማወራውም እንደኔ እንቅርታችሁ በቀዶ ጥገና ወጥቶ በየጠዋቱ ክኒን ለምትውጡ ነው። በተለይ «ለአንድ ሰሞን ብተወውስ ምን ይመጣል?» ብላችሁ ለምታስቡ። እኔ አስቤ ነበር። አስቤም አልቀረሁ።

እንቅርት በእኛ አገር ብርቅ አይደለም። የእኔ ከልጅነቴ አብሮኝ ያደገ ነው። ስዳርም አብሮኝ ነበር፣ ባሌን ስቀብርም አብሮኝ ነበር። ኋላ ግን ወደ ውስጥ አደገና የአየር ቧንቧዬን ይጫነው ጀመር። ስጋደም ትንፋሼ ያፏጫል። ልጄ የሺ የምትኖረው ጎንደር ከተማ፣ ቀሐ አካባቢ ነውና መጥታ ወሰደችኝ። ሐኪሞቹ ታይሮይድ የሚባለውን ዕጢ ሙሉ በሙሉ አወጡት። ይሄ የሆነው ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው።

ከሆስፒታል ስወጣ አንዲት ወጣት ሐኪም ክኒኑን ሰጠችኝ። ስሙ ሌቮታይሮክሲን ነው። ለአፌ ስላልተመቸኝ እኔ «ሌባው» እለዋለሁ። በየቀኑ ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ዕድሜ ልክ አለችኝ። እኔ ደግሞ ነገር መጠየቅ እወዳለሁ። ሌባው ሆዴ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ጠየቅኋት። ሐኪሟም ሳትሰለች፣ ወረፋው በር ድረስ ተሰልፎ እያለ አስረዳችኝ።

«እማማ፣ ይሄ ቲ-ፎር የሚባል ሆርሞን ነው። መድኃኒቱ ራሱ አይሠራም። የሚሠራው ሰውነትዎ ነው። ጉበትዎ፣ ኩላሊትዎ፣ ጡንቻዎ ውስጥ ሲደርስ ወደ ቲ-ስሪ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ኃይል የሚሆንዎት።»

እሷ አራት ነገር ተናገረች፤ እኔ አንዱን ይዤ ወጣሁ። መድኃኒቱ ራሱ አይሠራም።

እንዲያም ሆኖ እውጠው ነበር። ጠዋት ተነስቼ እውጠዋለሁ፤ ደህና ነበርኩ። የንስሐ አባቴም ቁስሌ እስኪሽር፣ ሐኪምም እስኪፈቅድልኝ እንዳልጾም አዘውኝ ስለነበር ፍልሰታንም የነቢያትንም ጾም እየበላሁ አሳለፍኩ። ሁዳዴ ሲመጣ ግን አፈርኩ። አያ ደርሶ ሳይቀር ጾሞ እኔ ልበላ ነው? ቁስሌ ሽሯል፤ እንዲያውም ከዱሮው በርትቻለሁ። ማንንም ሳልጠይቅ ጀመርኩ። አባን አልጠየቅሁ። የሺን አልጠየቅሁ። «ተይ» እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው፤ እውነቱን ልንገራችሁ።

ነገሩ እዚህ ላይ ተቋጠረ። ክኒኑን ጠዋት ልዋጠው? ውኃ አለው፤ ጾሙ ይፈርሳል። ዘጠኝ ሰዓት ከበላሁ በኋላ ልዋጠው? ሆዴ ባዶ አይደለም፤ ሐኪሟ በባዶ ሆድ ብላለች። በዚህ ብዞር በዚያ ብዞር መግቢያ አጣሁለት። ያኔ ያች ቃል ትዝ አለችኝ። ምን አስጨነቀኝ፣ መድኃኒቱ ራሱ አይሠራም ተብያለሁ። የሚሠራው ሰውነቴ ነው። ሰውነቴ ደግሞ ይኸው አለ። የማይሠራን ነገር ብተወው ምን እጎዳለሁ? ክኒኑን ከሆስፒታል ካርዴ ጋር በጨርቅ ቋጥሬ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። «በል፣ ለፋሲካ አብረን እንፈታለን» አልኩት።

የመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልሆንኩም። ሁለተኛውም አለፈ። እንዲያውም ኮራሁ። ኋላ ሐኪሟ እንደነገረችኝ፣ ቲ-ፎር ከደም ቶሎ አይጠፋም፤ የተጠራቀመው በሳምንት ገደማ ግማሹ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከቀረው ግማሹ እያለ ነው የሚያልቀው። እኔ ደህና ነኝ ስል ጎተራዬ እየጎደለ ነበር።

ከምላሴ ቀጥሎ ብርዱ መጣ። ጃናሞራ ላይ በረደኝ ብትሉ ማን ይሰማችኋል? ሁሉም ጋቢውን ደርቦ ነው የሚውለው። እኔ ግን ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ጣቶቼ አይሞቁም ነበር። ሆዴ ደረቀ። ቆዳዬ እንደ አሮጌ ቁርበት ሻከረ። ቅንድቤ ከዳር ከዳር ረገፈ። ፊቴ አበጠ፤ ሰው ወዙ ነው አለ። የሺ ስትደውል፣ «እማ፣ ድምፅሽ ምነው እንዲህ ጎረነነ?» አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት።

ከዚያ እንቅልፍ መጣ። ቆሜ አንቀላፋለሁ። ጀምሬ የማወራው ነገር መሐል ላይ ይጠፋኛል። ቀልድ ጀምሬ መጨረሻውን አጣለሁ፤ ሰዎቹም የሚስቁ መስለው ይተያያሉ። ጃጀች ሲሉ ሰማሁ። ጾም አድክሟት ነው የሚሉም ነበሩ። እኔም በሁለቱም አመንኩ። አርጅቻለሁ፤ ጾሜያለሁ። ሌላ ምን እጠረጥራለሁ?

በሆሳዕና ማግሥት፣ ሰኞ ረፋድ፣ አያ ደርሶ ቤቴ መጣ። የሆሳዕና ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስላላየኝ ነው። ምድጃው ቀዝቅዟል። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀምጫለሁ። ጠራኝ። አንድ ዓይኔን ገለጥኩና ከደንኩ። እጄን ቢነካው በረዶ ነው። ለጎረቤቶቹ የነገራቸውን እስከዛሬ እየደጋገመ ያወራዋል።

«ሦስት ጊዜ ሰደብኳት። ዝም አለች። በሉ ቃሬዛ አምጡ።»

ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ አላየሁትም። የሺና አያ ደርሶ የነገሩኝን ነው የምነግራችሁ።

የሆስፒታሉ ካርድ ያለበትን ቋጠሮ ከሣጥኑ አንስተው ከእኔ ጋር ማኪና ላይ ጫኑት፤ ለየሺም ደወሉላት። መንገዱ ስሜንን አቋርጦ ደባርቅ ይወርዳል፤ ከዚያ ጎንደር። አያ ደርሶ እንዳልወድቅ ደግፎኝ ጋቢውን ደረበልኝ። አልተንቀጠቀጥኩም። ብርድ የሚሰማው ሰው እኮ ይንቀጠቀጣል። እሱን ያስፈራው ይሄ ነው።

ጎንደር ስንደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም። የሺ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ያችው ሐኪም ነበረች ተረኛዋ። ሙቀት መለኪያውን ብብቴ ሥር አደረገችው። አላነበበም። ሌላ አመጣች። ሠላሳ ሁለት። ልቤን አዳመጠች። በጣም ይዘገያል። ትንፋሼም ይዘገያል። አንገቴ ላይ ያለውን የቀዶ ጥገና ጠባሳ አየች። መድኃኒቱን እየወሰደች ነው ወይ ብላ ጠየቀች። የሺ፣ አዎ፣ እናቴ አታቋርጥም አለች። ካርዱን ለመስጠት ቋጠሮውን ፈታችው።

ክኒኖቹ ዱብ ዱብ አሉ። ከሁዳዴ ወዲህ አንዱም አልተነካም።

የሺ እንዲህ ትላለች፤ ሐኪሟ ክኒኖቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ለነርሷ ቶሎ ቶሎ ማዘዝ ጀመረች። ሚክሲዲማ ኮማ ይባላል። የታይሮይድ ሆርሞን ከሰውነት ሲያልቅ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ሰው አይመለስበትም። መጀመሪያ ሃይድሮኮርቲዞን የሚባል መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጡኝ። ኦክስጅን ሰኩልኝ። በደም ሥር የሚሰጠው የታይሮይድ ሆርሞን አልነበረም። ስለዚህ ክኒኑን ፈጭተው በውኃ በጠበጡና በአፍንጫዬ ባስገቡት ቱቦ ወደ ሆዴ ላኩት።

የሺ አሁን ትነቃለች ወይ ብላ ጠየቀች።

«ቲ-ስሪ ቢኖረን በቀጥታ ሥራ ይጀምር ነበር። ያለን ቲ-ፎር ነው። የምንችለውን ሰጥተናል። አሁን የምንጠብቀው ጉበቷና ኩላሊቷ እንዲለውጡት ነው።»

እና ካልለወጡትስ አለች የሺ። ሐኪሟ የታመመ ሰውነት መለወጡን እንደሚቀንስ ነገረቻት። የተራበ ሰውነትም ይቀንሳል። ምግብ ሲያጣ፣ እንጨት እንዳለቀበት ቤት እሳቱን ዝቅ ያደርጋል። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ነበርኩ።

የሺ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልታ እግሬ ሥር ልታደርግ ነበር። ሐኪሟ ከለከለቻት። በላይ በላዩ ቢያሞቁኝ ደሜ ወደ ቆዳዬ ይሮጥና የደም ግፊቴ ይወድቃል። ብርድ ልብስ ብቻ። ሙቀቱ ከውስጥ መምጣት አለበት። ይሄን ያዙልኝ፤ እናንተም ቤት ብትሆኑ ጠርሙሱን ለማድረግ ትቸኩላላችሁና።

ማክሰኞ ሠላሳ ሁለት ተኩል። ልብ ያው። ቢጠሩኝ አልሰማም።

ማክሰኞ ከሰዓት ሐኪሟ በቱቦው ወተት እንዲሰጠኝ አዘዘች። የሺ ኩባያውን ተቀበለች። ሕማማት ነው። እናቷን ታውቃለች። ሰባት ሳምንት ጾሜ፣ ልጄ በሰሞነ ሕማማት ወተት በአፍንጫዬ አፈሰሰችብኝ ብዬ ከተነሳሁ እንደማልምራት ታውቃለች። ካልተነሳሁ ደግሞ የመጨረሻ የሠራችልኝ ነገር ጾም ማስፈታት ሊሆን ነው። ኩባያውን ይዛ ቆመች። ነርሷ ትጠብቃለች። የሺ ስልኳን አወጣችና መካነ ብርሃን፣ ለንስሐ አባቴ ደወለች። እሳቸው ያን ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን አይወጡም፤ ስግደት ላይ ናቸው። ሦስት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ። እያለቀሰች ነገረቻቸው። አባ መጾሜን ያወቁት ያኔ ነው፤ በክርስትና ስሜ ጠርተውኝ መለሱላት።

«ወለተ ሰንበት እኔን ሳትጠይቅ ነው የጀመረችው። ወተቱን ስጧት። ኃጢአት ካለው በእኔ ይሁን።»

የሺ ወተቱን ሰጠችኝ።

ረቡዕ ጠዋት ሠላሳ ሦስት። ረቡዕ ከሰዓት ያው ሠላሳ ሦስት። ሐኪሟ ክኒኑን ደገመች፣ ወተቱን ደገመች። ሽንቴን ለኩ። ደሜን ወሰዱ። አያ ደርሶ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አልበላም አለ። የሺ እጄን ይዛለች። እንዲህ ነው የምታወራው፤ «እማ፣ እጅሽን ይዤ ጉበትሽን ለመንኩት።» በሕይወቷ ጉበት የለመነች እሷ ብቻ ትሆናለች።

ሐሙስ ጠዋት ሠላሳ አራት ተኩል። ልቤ ፈጠን አለ። ነርሷ ቱቦውን ልታጸዳ ጎንበስ ስትል ዓይኔን ገለጥኩ። ነጭ ነገር አየሁ። የማላውቃት ልጅ አየሁ። አፍንጫዬን ነካሁ።

«ማነው የለጎመኝ? በቅሎ ነኝ?»

ድምፄ ገና የወንድ ነበር። የሺ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ምነው ምን ሆንሽ አልኳት። ቀኑን ነገረችኝ፣ ጸሎተ ሐሙስ ነው። ጉልባን ለመብላት ቸኩዬ ልነሳ ስል እግሬ የለም። እግሬ ነበረ፣ ግን እኔን አልሰማኝም።

በማግሥቱ ወተቱን ነገረችኝ። ተቆጣሁ። በዚያ ድምፅ፣ በዚያ ባበጠ ምላስ፣ ቃል እየጎደለኝ ተቆጣኋት። የሺ ተቆጥቼ እስክጨርስ ጠበቀችኝና ሌላ ኩባያ አቀረበች። ይሄኛው አጥሚት ነው አለችኝ። ጠጣሁ።

ከሆስፒታል ስወጣ ቀሐ፣ የሺ ቤት አረፍኩ። መዳኑ እንደ መታመሙ ነው የሚዘገየው፤ ቸኩላችሁ ተስፋ እንዳትቆርጡ ይሄን ልንገራችሁ፦ መጀመሪያ እብጠቱ ከፊቴ ወረደና የዱሮ ሽብሽቤ ተመልሶ መጣ፤ ሳየው ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ ሆዴ ተለቀቀ፤ ከዚያ እግሬ እስከ ወንዙ ዳር አደረሰኝና በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመርኩ ጥምቀት የሚከበርበት መዋኛ አጥር ድረስ ሄጄ፣ ጥላው ሥር አርፌ እመለስ ጀመር። ቅንድቤ ግን ሰነፈ፤ እስከዛሬም ሙሉ በሙሉ አልመጣልኝም። የሺ በከሰል ልሳልልሽ ትለኛለች፤ ባል ልታመጪልኝ ነው ወይ አልኳት።

በቀጠሮዬ ቀን ሐኪሟ ዘንድ ተቀመጥኩና እውነቱን ነገርኳት። አንቺ ራስሽ መድኃኒቱ አይሠራም ብለሽኛል አልኳት። ሐኪሟ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቆየች። ቃሉ የእኔ ነው፣ እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም አለችኝ። የለም፣ የመስሚያው ጥፋት ነው አልኳት። ተቀባበልነውና ተውነው።

ከዚያ እንደገና አስረዳችኝ። ቲ-ፎር የሚባለው አራት አዮዲን የተሸከመ ሆርሞን ነው። ጉበትና ኩላሊት፣ ጡንቻና አንጎል ውስጥ ዲአዮዲኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ፤ አንዱን አዮዲን ሲያነሱለት ሦስት ይቀረዋል፣ ቲ-ስሪ ይሆናል። ልብ የሚያፈጥነው፣ አንጀት የሚያንቀሳቅሰው፣ ሰውነት የሚያሞቀው እሱ ነው። የሚነሳውም አዮዲን የተገኘው ሁሉ አይደለም፤ ሌላኛው ከተነሳ ሥራ ፈት ነው የሚወጣው፣ ሪቨርስ ቲ-ስሪ ይሉታል። ሰው በጠና ሲታመም ወይም ሲራብ ሰውነቱ ሥራ ፈቱን ያበዛል፣ ሠራተኛውን ይቀንሳል። ታይሮይዱ ያለው ሰው እንኳ አብዛኛውን ቲ-ስሪ የሚያገኘው ከታይሮይዱ ሳይሆን ከሌላው አካሉ ነው አለችኝ።

ይሄን ስትለኝ ጃናሞራዬ መጣ። እኛ የገብስ አገር ሰዎች ነን። ጎተራ ሙሉ ገብስ ያለው ሰው ዛሬ ምሳ አለው ማለት አይደለም፤ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ በሶ ሲሆን ነው የሚበላው። እያንዳንዱ ቤት ደግሞ የራሱን ይፈጫል። ግን ጎተራው ባዶ ከሆነ ወፍጮው ምን ይሠራል? እኔ ወፍጮው አለ ብዬ ጎተራውን ባዶ አስቀረሁት።

ይሄን ነገርኳት። «ስለዚህ ሌባው ጥሬ ነው በይኝ» አልኳት።

ሐኪሟ ወረቀት አንስታ ጻፈችው። አሁን ክኒኑን ለሚጀምር ሁሉ እንደዚያ ነው የምትለው፤ መድኃኒቱ ጥሬ ነው፣ የሚፈጨው ሰውነትዎ ነው፣ በየቀኑ ካልጨመሩበት ወፍጮው ባዶውን ይዞራል። የሺ ተራ ይዛ ሳለች በጆሮዋ ሰምታዋለች።

እንግዲህ በዚህ ክኒን ለምትኖሩ፣ እኔ ፊደል ሳልቆጥር የከፈልኩበትን ትምህርት በነጻ ውሰዱት። ብታቆሙት ወዲያው አይጥላችሁም፤ ያ ነው የሚያታልላችሁ። ቀስ ብሎ ሲጀምራችሁ ዕድሜ ይመስላችኋል፣ ጾም ይመስላችኋል፣ ብርድ ይመስላችኋል፤ ቤተሰቦቻችሁም ጃጀች ይላሉ እንጂ አይጠረጥሩም። ስለዚህ ለአንድ ሰው፣ ደህና ለሚያይ ሰው፣ ፊቴ ካበጠ፣ ድምፄ ከጎረነነ፣ ነገር ከዘገየብኝ ቲኤስኤች የሚሉትን የታይሮይድ የደም ምርመራ አስደርጉልኝ ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። መጾም ከፈለጋችሁ ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም ሳትደብቁ ጠይቁ። እኔ ስጠይቅ አባም ሐኪሟም ክኒኑን ጠዋት በጉንጭ ውኃ እንድውጥ ነው ያዘዙኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የጾም ነገር እንደ አቅሜ ይወስኑልኛል። ቡናና ተልባ፣ ብረትና ካልሲየም ያለበትን ክኒንም ከእሱ ጋር አታጋጩት፤ ስንት ሰዓት እንደምታራርቁ ሐኪማችሁ ይንገራችሁ። ደግሞ ሐኪም አንድ ነገር ከነገራችሁ በኋላ ቶሎ አትነሱ። የሰማችሁትን በራሳችሁ አፍ መልሳችሁ ንገሩት። እኔ ያን ቀን «መድኃኒቱ አይሠራም ማለትሽ ነው?» ብላት ኖሮ ያ ሁሉ መንገድ አይኖርም ነበር።

አያ ደርሶን አመሰግናለሁ፤ ያን ሦስት ስድብ ግን እመልስለታለሁ። ሐኪሟን፣ ነርሷን፣ አባን አመሰግናለሁ። ጉበቴንና ኩላሊቴንም አመሰግናለሁ፤ ሳላውቃቸው ኖሬ ሳላውቃቸው ሠሩልኝ።

ለምታስታምሙ ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። ሕመምተኛው ሲነቃ ይቆጣኛል ብላችሁ የታዘዘውን አታስቀሩ። የሺ ኩባያውን ይዛ የቆመችበትን ያን ሰዓት ሳስብ አሁንም ልቤ ይደነግጣል። እኔ ስነሳ ቁጣዬን ታውቀው ነበር፤ አውቃ ሰጠችኝ። እስካሁንም አንዳንዴ እቆጣታለሁ። ትሰማኛለች፣ እየሳቀች ትጽፈዋለች።